ከብቶቹን ከቤት ያስወጣሁበት ክረምት

እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። ሐኪም የሚለው የአገሬው ቸርነት ነው እንጂ ወረቀቴ ላይ የተጻፈው ከዚያ ያንሳል። እስቴ ውስጥ አንዲት ቀበሌ ላይ እሠራለሁ፤ በግ እከትባለሁ፣ ሆዱ የተነፋ በሬ አክማለሁ፣ ምጥ የጠናባትን ላም አዋልዳለሁ። ሥራውን ስጀምር ገበሬው በሬውን እየጎተተ ይመጣና «ሐኪሙ የሉም?» ብሎ እኔኑ ይጠይቀኝ ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ መርፌ ይዤ ፊቱ ቆሜ፤ ሴት ሐኪም ትሆናለች ብሎ አያስብማ። «እኔ ነኝ» ስለው እኔንና በሬውን ተራ በተራ ያይና ለበሬው ማዘን ይጀምራል። ይህን የማወራው ለሳቅ አይደለም። ሰው ቃሌን እንዲሰማኝ ምን ያህል እጓጓ እንደነበር ካልተናገርኩ፣ በአባቴ ላይ ያደረግሁት ነገር ለማንም አይገባም።

አባቴ ቄስ ነበሩ። በወጣትነታቸው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ተቀምጠው ድጓ ተምረዋል፤ ከዚያ ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ተመልሰው እያረሱም እየቀደሱም አረጁ። ቀበሌያችን ያለው ታች ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ደረታቸው ደካማ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ይስላሉ፤ መስከረም ሲጠባ ይተዋቸዋል። እኛም በየዓመቱ መስከረምን የምንጠብቀው በእሳቸው ሳል ነበር።

ቤታችን እንደ ጎረቤቶቻችን ቤት ሁሉ ሰውና ከብት አብሮ የሚያድርበት ነው። ከበሩ ሲገባ በስተግራ በኩል ጋጥ አለ፤ ቡሬው በሬ፣ ላሟና ጥጃዋ እዚያ ያድራሉ። እኛን ከእነሱ የሚለየን ወገብ የሚደርስ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ የተሠራው መደብ የአባቴ መኝታ ነበር። ቦታውን የመረጡት ለደረታቸው ሲሉ ነው፤ ሦስት ከብት የሚተነፍስበት ቤት እሳት ባይነድበትም ይሞቃል። ልጅ ሳለሁ እግራቸው ሥር እተኛ ስለነበር፣ በሬ ሲያመሰኳ መስማት ለእኔ ዛሬም እንቅልፍ ነው።

ኮሮና አገራችን በገባበት ዓመት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከየወረዳው የተውጣጣን የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ባሕር ዳር ለሥልጠና ተጠራን። ማስካችንን አገጫችን ላይ አውርደን ተቀመጥን። ትምህርቱ ከእንስሳት ወደ ሰው ስለሚተላለፉ በሽታዎች ነበር። ኮሮና ብዙ ወገን እንዳለው፣ አንዱ ጥጃን እንደሚያስቀምጥ፣ አንዱ ከግመል ወደ አርቢው እንደተላለፈ ሰማን። በየዓመቱ ከሚይዘን ጉንፋን አንደኛው ሳይቀር ድሮ ከከብት የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ሊቃውንቱ ይገምታሉ አሉን። ቀጥሎ ፎቶ አሳዩን። በውጭ አገር ለቆዳቸው ሲባል የሚረቡ ትናንሽ ጸጉራም እንስሳት ናቸው፤ በሽቦ ሳጥን ተደርድረዋል። በሽታውን መጀመሪያ የሰጧቸው ጠባቂዎቻቸው ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መልሰው ለሌላ ሰው ሰጡ። ከዚያ ሁሉም ተገድለው ተቀበሩ።

አሠልጣኙ አንድ ነገር ደጋግመው ተናግረዋል። ይህ አዲሱ በሽታ እኛ ዘንድ የሚዛመተው ከሰው ወደ ሰው ነው፤ ላምና በሬ ለሰው ሰጠ የሚባል ነገር አልታየም ብለዋል። ሰምቻለሁ። ደብተሬ ላይም በእጄ ጽፌዋለሁ። ግን የፈራ ሰው የሚሰማው ፍርሃቱን ነው። እኔ ያን የሽቦ ሳጥን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ወገብ የሚደርሰው ግድግዳ፣ ከሥሩም የተኙት ደረታቸው የሚያፏጨው አባቴ ነበሩ።

በመጨረሻው ቀን ከየአፍንጫችን ናሙና ወሰዱ። «ውጤቱ በስልክ ይነገራችኋል፤ እስከዚያ ከሰው ተለዩ» ተባልን። እስቴ የተከራየሁት ክፍል ነበረኝ፤ ገብቼ በሩን ዘግቼ መቀመጥ እችል ነበር። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ግን አባቴን ለማዳን ቸኮልኩ፤ በሰው የታጨቀ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ከአርብ ገበያ ጭቃውን በእግሬ አቋርጬ፣ ቤታችን ደረስኩ።

ፍልሰታ ገብታ ነበር። አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። በዚያ ሰሞን ምእመኑ መስቀል መሳለም ትቶ ከሩቅ እጅ ነሥቶ ያልፍ ነበር፤ እሳቸውም መስቀሉን በአየር ላይ ያማትቡለታል። ለእኔ ግን ልጃቸው ነኝና ግንባሬ ላይ አሳረፉልኝ። ተሳለምኩት። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው መስቀሉን ስመው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

እናቴ ያቀረበችልኝን እንጎቻ እንኳ ሳልጨርስ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ከብቶቹ ከቤት ይውጡ።»

«ምን ሁነው?»

«ይህ በሽታ መነሻው ከእንስሳ ነው ይባላል። በውጭ አገር ሰው ከሚያረባው እንስሳ እየተላለፈ ነው። አንቱ ደግሞ የሚተኙት ከጋጡ ሥር ነው።»

አባቴ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ጌታ በግርግም ሲወለድ በትንፋሻቸው ያሟሟቁት ላህምና አድግ፣ ላምና አህያ፣ ናቸው። ያን ሕፃን ያሞቀ ትንፋሽ ዛሬ እኔን ሽማግሌውን ሊገድለኝ ነው?»

«ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ ነው አባባ።»

«ኧረ በዚህ ዝናብ የት ሊያድሩ ነው?» አለች እናቴ።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። አባቴ የሽቦ ሳጥኖቹን አቅርበው አርቀው አዩና «እነዚህ ፍጥረቶች ምን በድለው ነው እንዲህ ያሰሯቸው?» አሉ። እኔ ግን ስለ በሽታ ማውራቴን ቀጠልኩ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ያን አንድ ነገር አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ክርክሩን እሸነፍ ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ እንደተመለሱ በቀጥታ ወደ ጋጡ ሄዱ። «እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ!» ብለው እየሳቁ የቡሬውን ገመድ ፈቱ። ሰው ሁሉ እንደ ዋዛ የሚለው ነው፤ እኔም ሳቅሁ። በዕድሜዬ ሙሉ አባቴ እኔ ስላልኩ ብቻ አንድ ነገር ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ነበር። ኩራት ተሰማኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከቤቱ ጀርባ በባሕር ዛፍ በረት አጠርን፤ ከላዩ ሣር ጣል ጣል አደረግንበት። ዝናቡን እንደ ወንፊት ያሳልፈው ነበር። ቡሬው ግን አልገባውም። ከመስክ በተመለሰ ቁጥር የቤቱ በር ላይ ይመጣና መዝጊያውን በግንባሩ ይገፋል። እኔ በዱላ እመልሰዋለሁ። ላሟ ወተቷን ቀነሰች፤ ጥጃዋ መንቀጥቀጥ ያዘች። ቤቱም ቀዘቀዘ። አባቴ በጋቢያቸው ላይ ሌላ ጋቢ ደርበው ባዶውን ጋጥ እያዩ ይቀመጡ ነበር፤ አንድ ቀንም ብርድ ነው ብለው አላማረሩኝም።

በሦስተኛው ቀን እኔን ራስ ምታት ያዘኝ፤ ትንሽም አተኮሰኝ። ዝናብ መትቶኝ ነው አልኩ። በአራተኛው ቀን ምሳ ልናደርስ ስንል እኔ እሳቱ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ሽሮው አረረ። እናቴ ከደጅ እየሮጠች ገብታ ድስቱን አነሣችና «ምነው አንች፣ አይሸትሽም?» አለችኝ።

አይሸተኝም ነበር። ድስቱ ላይ አጎንብሼ ሳብኩ፤ ምንም የለም። አባቴ ከመደባቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። ይህ የምን ምልክት እንደሆነ ለሌላ ሰው ማስተማር የምችል ሴት ነኝ። «ጉንፋን ይዞኛል መሰል» አልኩና ድስቱን ልፈትግ ወጣሁ። ያን ሰዓት ጓዜን ጠቅልዬ ብሄድ፣ ወይም ቢያንስ አፌን ሸፍኜ ከእሳቸው ብርቅ፣ ይተርፉ ነበር ወይ? አላውቅም። እስከ ዛሬ ከማንኛውም ቀን አብልጬ የማስበው ያን ቀን ነው።

ቤታችን አካባቢ ኔትወርክ የለም። ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። በስድስተኛው ቀን ወጣሁ። ስልኬን ገና እንደከፈትኩት ጠራ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ ስሜን አጣራችና ቫይረሱ እንደተገኘብኝ ነገረችኝ። ከዚያ በዕድሜ የገፋ ሰው አብሮኝ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«የለም፤ ብቻዬን ነኝ» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ምናልባት አዎን ካልኩ እውነት የሚሆን መስሎኝ ይሆናል። ከጉብታው ስወርድ፣ ገና ደጃፍ ሳልደርስ፣ የአባቴን ሳል ሰማሁ። የየክረምቱ ሳላቸው አልነበረም፤ ሳላቸውን አውቀዋለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ እኔ በጋጥ በኩል ይመጣል ያልኩትን ሳባርር፣ በእጄ ያመጣሁት ቤት ገብቶ ነበር።

ትኩሳቱ በአንድ ቀን ጣላቸው። እናቴም ሳለች፤ እሷ ግን እየሠራች አሳለፈችው። ጎረቤቶች ቃሬዛ አዘጋጅተው አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ሊያደርሷቸው መጡ። አባቴ «ፍልሰታ ሳትፈታ ከደጄ አልወጣም» አሉ። እኔ ሐኪሟ ለመንኳቸው፤ ተቆጣሁም። ነገር ግን እምቢ ሲሉ በልቤ አንድ ቦታ ላይ ቅልል እንዳለኝ አልደብቅም። ጤና ጣቢያ ከሄድን ማን ከየት እንዳመጣው መጠየቁ አይቀርም ነበር።

በታመሙ በሁለተኛው ቀን «ከብቶቹን አስገቡልኝ» አሉ።

«አባባ፣ አይሆንም» አልኩ።

«አስገቡ ብያለሁ!» እንዲያ ጮኸው ሲናገሩኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ሳላቸው ያዛቸው።

እናቴ ወጥታ ከብቶቹን አስገባች። ቡሬው ከነእርጥበቱ ገብቶ የለመደው ቦታ ቆመና አንገቱን በግድግዳው ላይ አሳልፎ አባቴ ላይ ተነፈሰ። አባቴ እጃቸውን አንሥተው ግንባሩን ያዙት። ከብቶቹን ያስገቡት ብርዱ በርትቶባቸው ነው ብዬ፣ ለብርድ የዳረግኳቸው እኔ መሆኔን እያሰብኩ፣ ውኃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁ። ምንጩ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። እዚያ ሳለሁ ጠያቂ መጥቶ ኖሮ ስመለስ አንድ ሰው ከደጃችን ሲሄዱ አየሁ። የአባቴ የመቀናጆ ባልንጀራ ነበሩ፤ እኔ አያ ነው የምላቸው። እሳቸውም አንድ በሬ፣ እኛም አንድ በሬ ስለነበረን ሁለቱ ተቀናጅተው አንድ ቀን ለእነሱ፣ አንድ ቀን ለእኛ ያርሱ ነበር። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

አባቴ በነሐሴ ዐሥራ አምስት፣ ፍልሰታ ልትፈታ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ረፋድ ላይ ዐረፉ።

ለቅሶ ላይ ሰው ተራርቆ ተቀመጠ። ቀስ በቀስ ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሐኪም፣ ከከብቶቹ ነው አይደል የያዛቸው?» አሉኝ። እኔን ሐኪም ብለው ሲጠሩኝ ያ የመጀመሪያቸው ነው። እናቴ አንገቷን ደፍታለች። እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐኪም ሲናገረው ሰው ሆኗል ብሎ ነው የሚሰማው። ሳምንት ሳይሞላ በቀበሌው ከብቱን ከቤት ያላስወጣ ሰው ጠፋ። ዝናቡ ገና አላባራም፤ በብርድ ጥጃ የሞተበት ቤት ነበር። «የቄሱ ልጅ ቀድማ ነግራቸው ነበር፤ መልሰው ባያስገቧቸው ኖሮ» ይባል ጀመር። ስመጣ ከተቀመጡበት የሚነሡልኝ፣ በግ ሲታመምባቸው እስቴ ድረስ የሚልኩብኝ ሰዎች በዙ። የጓጓሁለትን መደመጥ ያገኘሁት በዚህ ነው።

መስከረም ላይ ሽምብራ ሊዘራ መሬቱ ሲታረስ አያ በሬያቸውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር ቀናጁት። እናቴ ልትለምናቸው ሄደች። «እህቴ፣ ቄሱን የገደለ በሬ ከበሬዬ ጋር ጉሮሮ ለጉሮሮ አላስርም» አሏት። የላማችንንም ወተት የሚቀበል ጠፋ። ሰዎቹን አልወቅስም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ዳውላውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። እናቴ የአባቴን ማሳ በዶማ ቆፈረች። ቡሬውን ታሪኩን የሚያውቅ ወደሌለበት ወደ ወገዳ ገበያ አጎቴ ሊሸጠው ነድቶት ሄደ። ከደጅ አልወጣ ብሎ ሲጎተት እናቴ ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ ጎረቤቱም ከሩቅ ቆሞ አየ።

ኅዳር ላይ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። መዳፏን አየሁት፤ ዶማው ልጦት፣ ድኖ፣ እንደገና ልጦታል። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። የአፍንጫውን ናሙና፣ ከሰው ተለዩ መባሌን፣ ጉብታው ላይ የሰማሁትን፣ ለደወለችልኝ ልጅ የመለስኩላትን። እናቴ ምስሯን መልቀም አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሽሮው ያረረ ለት አባትሽም አውቀዋል። ራዲዮኑ ሽታ ያጠፋል እያለ ሲለፈልፍ የከረመ አይደለም? ከብቶቹን አስገቡ ያሉ በርዷቸው መሰለሽ?»

እፍኝ ምስር ሰፌዱ ላይ ጨመረችና ቀጠለች።

«‹ሰው ልጅቱ ገደለቻቸው እንዳይል› አሉኝ። ‹ከብት ይከሰስ፤ ከብት ይችለዋል› አሉ። አያ ሊጠይቁ መጥተው ደጅ ቁመው ምን ያዘዎ ሲሏቸው፣ ‹ልጄ ነግራኝ ነበር፤ እምቢ ብየ መልሸ አስገባኋቸው፣ ከከብቶቹ ነው የያዘኝ› ብለው በአፋቸው ነገሯቸው። አንች ውኃ ወርደሽ ነበር።»

ለሠላሳ ምናምን ዓመት ቅዳሴ ያላስታጎሉ ሰው ናቸው። ለማንም ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። የመጨረሻ ቃላቸውን፣ ለነፍሳቸው ሊያስቀምጡት የሚገባውን ቃል፣ ለእኔ አወጡት። «ንስሓ ገቡበት?» አልኳት እናቴን። «እሱን ለእግዜር ተይው» አለችኝ።

አልተውኩትም። ተነሥቼ ወደ አያ ሄድኩ። ለአጨዳ እየተዘጋጁ አውድማቸውን በእበት ይለቀልቁ ነበር። ከሰላምታ በኋላ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«አያ፣ ቡሬው ንጹሕ ነበር። በሽታውን ከባሕር ዳር ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። አባባን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

አያ እበቱን ከእጃቸው በጭድ ጠረጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «ተይ ልጄ፤ ኀዘን ያስለፈልፋል» አሉኝ።

«ኀዘን አይደለም። ስልክ ተደውሎ ተነግሮኛል። ከብት አይደለም የያዛቸው።»

«ደጃቸው ላይ ቁሜ እኮ ነው የነገሩኝ። መስቀላቸውን በጃቸው ይዘው ነበር። ከከብቶቹ ነው አሉኝ።»

«አያ…»

«ቄስ ናቸው፤ ሞት ደጃቸው ቁሟል።» አያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሊያሳፍሩኝ አልነበረም፤ እውነቱን ከልባቸው ፈልገው ነበር የጠየቁኝ። «ታዲያ ዋሽተው ነው የሞቱ ልትይኝ ነው?»

መልሴን ጠበቁ። ከማዶ የእናቴ በዶማ የተቆፈረ ማሳ ይታያል።

«አይ» አልኳቸው። «አባባ አይዋሹም።»

አያ ራሳቸውን በእሺታ ነቅንቀው እበቱን መለቅለቅ ቀጠሉ።